ተንበርክከው የሚግጡ በጎች

ሞጣ የከብት ገበያ ላይ፣ ገና ጢም ሳላበቅል፣ ሁለት ሰዎች ከጀርባዬ ሲያወሩ የሰማሁት ነገር አለ። አንደኛው ነጋዴ ነበር፤ ነጭ ቆብ ያደረገ ይመስለኛል። የሁለተኛው መልኩ ጠፍቶኛል፤ ድምፁ ጎርነን ያለ እንደ ነበር ብቻ አስታውሳለሁ። መሐላቸው አንድ በግ የፊት እግሩን አንሥቶ ቆሟል።

«ይህ ያነክሳል» አለ ጎርናናው።

«ያነክሳል እንጂ አይሞትም።»

«እሱማ አይሞትም።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን ነው እርግጠኛ ያልሆንሁት። «አብሮት ያደረው ነው እሚሞት» ያለ ይመስለኛል። ወይም «አብሮት ያደረውን ጠይቅ።» አባቴ በዚያው ቅጽበት ክንዴን ይዞ ጎተተኝና በጉ ይሸጥ አይሸጥ ሳላይ ቀረሁ። ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

አሁን የማወራው ግን ባለፈው ክረምት በእኛ ጎጥ ስለ ሆነው ነው። ጎጣችን ከቢቸና ቁልቁል የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። መሬቱ መረሬ ስለሆነ ሐምሌ ሲገባ ጭቃው ጫማ ከእግር ይነጥቃል። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ፊደልን ከዳዊት፣ የከብት በሽታን ደግሞ ከሬዲዮና ከእንስሳት ክሊኒኩ መስኮት ሥር ቆሜ በመስማት ነው ያወቅሁት። ሐኪም አይደለሁም። ቢሆንም በጉ ያነከሰበት፣ ፍየሉ እሾህ የወጋበት ሰው ወደ እኔ ይመጣል፤ አገላብጬ አያለሁ፣ ያደገ ሸሆና እቀርፋለሁ፣ የማይሆነውን «ክሊኒክ ውሰደው» እላለሁ።

እትዬ ይርጋነሽ ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ልጃቸው ሐብታሙ በጭነት መኪና ረዳትነት ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነበር። መንገዱ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል፤ ኔትወርኩም እንደዚያው። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ሴትዮዋ ይደውላሉ፤ ስልኩ ግን አይገኝም ይላል። በጥር ወር ለማርያም ተሳሉ። ከሞጣ የመጣ ነጋዴ ከነዳቸው በጎች መሐል አንድ ነጭ አውራ በግ መርጠው ገዙ፤ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አሰሩለትና ቅዳሴ ሲወጣ በደጀ ሰላሙ በሰው ፊት እንዲህ አሉ፤

«እመቤቴ፣ ልጄን በእግሩ አምጪልኝ። ይህን በግ ራሱ ጎትቶ ያስገባልሻል። እስከዚያው ድረስ ዱላም ቢላም አይነካውም።»

ሁላችንም አሜን አልን።

የስለት በግ አይታሰርም፣ አይመታም፤ ሰው እህል ላይ ቢያገኘው እንኳ «እሽ» ብሎ ነው የሚመልሰው። ነጩ በግ ይህን ቶሎ ለመደና ካሻው ግቢ ይገባ ጀመር። መጋቢት ላይ ድንገተኛ ዝናብ ይዞት ባንተአምላክ በረት አደረ። በሳምንቱ የባንተአምላክ በግ መንታ ወለደች።

«በረከት ነው!» አለ ባንተአምላክ ሰንበቴ ላይ፣ የጠላ ጣሳውን ከፍ አድርጎ።

አባ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ የአብዛኞቻችን የንስሐ አባት፣ አፌዙበት። «አንተ ሰው፣ በግህ እኮ አምስት ወር ሙሉ አርግዛ ነው የከረመች። በአንድ አዳር ነው መንታ ያደረጋት?»

«አባ፣ አንዱን ግልገል የእኔ አውራ አመጣው እንበል። ሁለተኛውንስ? እርስዎ ካህን ሆነው በረከት ሊክዱ ነው?»

ሰንበቴው በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ግን ሳቅ ሆኖ አልቀረም። በሚቀጥለው ሳምንት አንዷ ሴት ማታ በሯ ላይ ቆማ ነጩን በግ በጨው ስታባብለው አየሁ። ከዚያ ሌላዋ። ሚያዝያ ሲያልቅ ነገሩ ተራ ወጣለት፤ ሰኞ ከእነ እገሌ፣ ሐሙስ ከእነ እገሌ፤ በጉ በየበረቱ ከየሰው በግ ጋር ያድር ጀመር። ጠዋት ሲወጣ ባለቤቶቹ የቆመበትን ጭድ ለእርጉዝ በጎቻቸው ያነጥፉ ነበር። እኔም አልዋሽም፤ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ተራዬ ደርሶ ተቀብየዋለሁ። ጨውም አቅርቤለታለሁ።

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ፣ በወል መስኩ ላይ የባንተአምላክ በጎች በፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው ሲግጡ ታዩ።

መጀመሪያ ያየችው ሚስቱ ባንቺዓለም ነች። «እዩልኝ! ሰገዱ እኮ!» ብላ ጮኸች። ነጩ በግ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ በጎቹ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ተንበርክከዋል። ያማተበ ሰው አለ። እልል ያለችም አለች። እኔ ቆሜ አየሁ። ከበጎቹ አንዷ ለመነሣት ሞክራ ወደቀች።

ወርጄ ያዝኋት፤ በቂጧ አስቀምጬ እግሯን አነሣሁ። ሽታው ቀድሞ መጣ። እርጥብ ገለባ ውስጥ የሞተ አይጥ ሽታ ነው፤ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። በሁለቱ ጣቶቿ መሐል ያለው ቆዳ ግርጥት ብሎ ረጥቧል፤ ሸሆናው ከሥጋው እየለቀቀ እንደ ባሕር ዛፍ ቅርፊት ይነሣል። አፍና እግር የሚያቆስለው ማዝ እንዳይሆን ብዬ አፏን ከፍቼ ምላሷንና ድዷን አየሁ፤ ቁስል የለም። ሁለተኛዋን ያዝሁ፤ ያው ነው። ሦስተኛዋም ያው።

«ምንድን ነው አያ ስጦታው?» አለች ባንቺዓለም። እልልታው ቆሟል።

«እየሰገዱ አይደለም» አልኋት። «መቆም አቅቷቸው ነው።»

በማግስቱ ክሊኒክ ሄድሁ። ሊድያ የምትባል ወጣት ባለሙያ ነች ያለችው። የነገርኋትን ሁሉ ሰማችኝ።

«የሸሆና መበስበስ ነው» አለችኝ። «መርፌ የለኝም፤ መድኃኒቱ መንገድ ላይ ነው ከተባለ ሁለት ወሩ። ይህን ሰማያዊ ዱቄት ይውሰዱ። በውሃ በጥብጠው እግራቸውን ይንከሩበት፤ እንዳይጠጡት ግን ይጠንቀቁ፣ በግ ይገድላል። የበሰበሰውን ይቁረጡ፣ የቆረጡትን ያቃጥሉ፣ ቢላውን ከአንዱ ወደ ሌላው ሳያልፉ በእሳት ይለብልቡ። ደረቅ ቦታ ያሳድሯቸው።»

«ይህን አደርጋለሁ።»

«ይሄ ግን ግማሹ ነው፣ አያ ስጦታው። ጀርሙ ጭቃ ላይ ከሁለት ሳምንት አይዘልም። እግር ውስጥ ግን ዓመት ይቀመጣል። የታመመውን ካልለያችሁ ሲያክሙ ይከርማሉ። ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ያልታየ አንድ እግር አለ ማለት ነው። እሱን ይፈልጉ።»

ሁለት ሳምንት ከቤት ቤት ዞርሁ። ቀረፍሁ፣ ነከርሁ፣ አቃጠልሁ፣ በየበረቱ ደጃፍ አመድና ኖራ አስነሰነስሁ። የዳኑት በአምስተኛው በስድስተኛው ቀን ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ሰው ይመርቀኛል። ከዚያ ደግሞ አንድ ጠዋት ተንበርክከው ይገኛሉ። ፍየሎቹም ተከተሉ። ባንተአምላክ ሦስት በግ ቀበረ፤ ቁስላቸው ተልቶ ነበር። መንታዎቹ ግልገሎችም ተይዘው ቆመው መጋጥ ስላቃታቸው አንዱ በአንዱ ላይ ሞቱ። የታመመውን ለዩ ስላቸው ሁሉም «እሺ» ይላል፤ ማንም ግን አይለይም። የስለቱ በግ እንደ ልቡ እየዞረ እኔ የኔን ለምን አስራለሁ የሚል ነገር በየሰው ዓይን ውስጥ አየሁ። በአፉ ያወጣው ግን የለም።

አንድ ቀን ዝናቡ እስኪያባራ ከቤቴ ጣሪያ ሥር ቆሜ በየትኛው ቤት መቼ እንደ ጀመረ በልቤ አሰብሁ። መጀመሪያ ባንተአምላክ። ቀጥሎ በጨው ስታባብለው ያየኋት ሴት። ከዚያ አባ ኃይለ ጊዮርጊስ። ከዚያ እኔ። በሽታው የሄደበት መንገድ ተራው የሄደበት መንገድ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ወጥቼ ነጩን በግ ፈለግሁት። አጥር ሥር ቆሞ ያመሰኳል። ጠብቄ ጠብቄ ሲራመድ አየሁት፤ የግራ የፊት እግሩን መሬት ያስነካዋል እንጂ አይጥልበትም። በየቤቱ በእጅ እየጎረሰ ስለሚኖር መንበርከክ አላስፈለገውም። ለዚህ ነው ያላየነው። ወይም ዱላና ቢላ እንዳይነካው ስንጠነቀቅ ዓይናችንንም ነፍገነዋል።

በስለት ላይ ቃል ከመናገሬ በፊት ማረጋገጥ ፈለግሁ። በዚያ ሳምንት መንገዱ ተከፍቶ ነበርና በአውቶቡስ ሞጣ ሄድሁ። እትዬ ይርጋነሽ መሄዴን ሲሰሙ የሐብታሙን ፎቶ በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። «ሹፌሮች ሻይ እሚጠጡበት ቤት አሳይልኝ፤ አንዱ ያውቀው ይሆናል» አሉኝ።

በጉን የሸጠው ሳሊህ ነው፤ ከአባቱ ጀምሮ በሞጣ ገበያ የታወቀ ሰው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶልኝ ተቀመጥን። በጥር ወደ እኛ ጎጥ ወርዶ የሸጠውን ነጭ አውራ በግ ሳነሣበት ፊቱ ተለወጠ።

«ወላሂ አስታውሰዋለሁ። ምነው፣ ሞተ?»

«አልሞተም። ሲሸጥ ያነክስ ነበር?»

ሳሊህ መሬት መሬት አየ። «ስገዛው ትንሽ ያነክስ ነበር። በጋ ነው፤ ሸሆናውን በሴንጢ ቀረፍ አደረግሁለት፣ ሁለት ሳምንት ደረቅ ላይ አቆየሁት፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። ዳነ ብዬ ነው የሸጥሁት። ደረቅ መሬት ስንቱን ይሸፍናል፣ ወንድሜ።»

«ስለት መሆኑን ነግረውህ ነበር?»

«ኧረ እንዴት! ብታውቀኝ፣ ለአምላክ በተባለ ነገር እጫወታለሁ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱ የመጣበትን መንጋ ልንገርህ? በቀደም ወደዚያ አገር ወርጄ ነበር። ባለቤቱ የለም። በረቱ ተከፍቶ ንፋስ ይገባበታል። አንዲት በግ የለችም። አሮጊት እናቱን ጠየቅኋቸው። ‹ተንበርክከው አለቁ› አሉኝ።»



«ለሴትዮዋ ንገርልኝ» አለ ስነሣ። «ከመንጋዬ ደህናውን ትምረጥ። የሸጥሁላት ነውር ያለበት ከሆነ አላህ ፊት እኔ ነኝ እምጠየቀው።»

ከእሱ ወጥቼ ሹፌሮቹ ዘንድ ሄድሁ። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «አላውቀውም፣ አላውቀውም።» አንድ ጎልማሳ ሹፌር ግን ከሌሎቹ ረዘም አድርጎ ያዘው። አውራ ጣቱን በፎቶው ጠርዝ ላይ አሳለፈ።

«ታውቀዋለህ?» አልሁት።

«አላውቀውም» አለና መለሰልኝ። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

በመልሱ ጉዞ፣ ከጉንደ ወይን እስከ ደብረ ወርቅ፣ ከዚያም እስከ ቢቸና፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ደግሜ አልሁ። ያ አውራ ጣት ከዓይኔ አልጠፋም። እትዬ ይርጋነሽ አውቶቡስ መውረጃው ድረስ መጥተው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው።

«ምን አሉህ?»

«ሁሉም አናውቀውም አሉ፣ እትዬ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ፎቶውን ተቀበሉኝ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም፤ ግን እስከ ጎጡ ድረስ ከኋላዬ ነው የሄዱት፤ ፊቴን ማየት ያልፈለጉ ይመስል።

ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ከምንጩ በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ውስጥ እንጨት ስለቅም ባንተአምላክ ከአንድ ጎረቤት ጋር ሲነጋገር ሰማሁት። መሸሸግ አላሰብሁም፤ እነሱ አላዩኝም እንጂ።

«ጾሙ ሲገባ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው» ይላል። «ገደሉ አፍ ላይ ጨው ይበተንለታል፤ ራሱ ነው እሚሄድ። የቀረውን ጅብ ያውቃል።»

«ስለት እኮ ነው፣ ባንተአምላክ።»

«እኔ ምን አልሁ? ዱላ አይነካውም፣ ቢላ አይነካውም። የሴትዮዋ ቃል እንደ ተጠበቀ ነው።»

ሌላኛው ሊስቅ ብሎ ተወው። እኔ ሳልሁና ወጣሁ።

«አያ ስጦታው» አለ ባንተአምላክ፣ ሳይደነግጥ። «ጆሮህ ዛሬም አልደከመችም?»

«እርጉም ነገር ነው ያሰብኸው።»

«እርጉሙማ በረቴ ነው። ሦስት በግ፣ ሁለት ግልገል። መንታ ወለደች ብዬ የለፈለፍሁት እኔ፣ እንግዲህ አፌን በምን ልጠበው?» ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «አንተ ሴትዮዋን እሺ አሰኝና በጉን ለይልን። ጾሙ እስኪገባ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ ወዲያ አታውቀኝም።»

ለእሱ አንድ በግ ነው። ለእትዬ ይርጋነሽ ግን ያ በግ ከጠፋ ሐብታሙ ጠፋ ማለት ነው። ጅብ በላው የሚለውን ወሬ በሰሙበት ቀን የልጃቸውን ለቅሶ እንደሚቀመጡ ጎጡ ሁሉ ያውቃል።

አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄድሁ። ከበረታቸው ደጃፍ አመድ ሲነሰንሱ አገኘኋቸው።

«አባ፣ የስለት በግ ቢታከም ስለቱ ይፈርሳል?»

«ማከም ምሕረት ነው፤ ምሕረት ምን ያፈርሳል?»

«በቢላ ቢሆንስ?»

የያዙትን ቆርቆሮ አስቀመጡ። «እኔ ግዝት አላየሁበትም። ግን ስማኝ፣ ፈታሁሽ ብላት ከልቧ አይፈታም። ልጁ ቢቀር ‹አባ ናቸው ያሰናከሉብኝ› ትላለች። እኔም ማታ ስተኛ እንደሱ የምል ይመስለኛል።» ወደ ውስጥ አመለከቱኝ። ሦስት በጎቻቸው በጉልበታቸው ናቸው። «በማለዳ ከማኅሌት ስመጣ ተንበርክከው ሲቀበሉኝ፣ አንተ ኃጢአተኛ፣ መዓርግህ ጨመረ እንዴ ብዬ ነበር።» ፈገግታቸው ወዲያው ጠፋ። «ሂድና ንገራት። ግዝት የለበትም ብለዋል በላት። የቀረው በእሷ አፍ ነው።»

በማግስቱ፣ በጾሙ ዋዜማ ቀትር ላይ፣ እትዬ ይርጋነሽ ግቢ ገባሁ። ዝናቡ ለጊዜው አቁሟል፤ ደመናው ግን ከጣሪያው በላይ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። ሴትዮዋ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የነጩን በግ እግር በአሮጌ ቀሚስ ቁራጭ እያደረቁ ነበር። እግሩን ጭናቸው ላይ አድርገውታል። ሽታው እኔ ጋ ደርሷል፤ እሳቸው ዘንድ እንዴት አይደርስም?

«ተቀመጥ» አሉኝ። «ከገባህ ጀምሮ እግሩን ነው እምታየው። የመጣኸው ለእሱ ነው።»

«ለእሱ ነው፣ እትዬ።»

«ግንቦት ላይ ነው የጀመረው።»

ደነገጥሁ። «ያውቁ ነበር?»

«ሳላየው የዋልሁበት ቀን አለ ብለህ ነው? ግንቦት ላይ ነው። በዚያው ሰሞን ሐብታሙን በሕልሜ አየሁት፤ እግሩን በጨርቅ ጠምጥሞ በር ላይ ቆሟል። ግባ እለዋለሁ፣ አይገባም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትቆርጠው ነበር።»

«እቆርጠው ነበር።»

«ታዲያ!» በጉን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። «ይህ ሲያነክስ ልጄ ያነክሳል። ይህ ሲሻለው እኔም እተነፍሳለሁ። ብትቆርጠው ደም ይወጣል?»

«አንዳንዴ ይወጣል።»

«አይ፣ አንተ ሰው! አይወጣም ብትለኝ ምን ነበር?»

አጎንብሼ የበጉን እግር አየሁ። 

«ያ ነጋዴ ምን አለህ?» አሉ ቆይተው።

«ሌላ ደህና በግ ትምረጥ አለ።»

«የተሳልሁት ይህን ነው። እመቤቴን በሌላ በግ ላታልላት?»

«አባም ቢታከም ግዝት የለበትም ብለዋል።»

«አባ ልጅ አልወለዱም።»

«እትዬ ይርጋነሽ» አልሁ፣ «ልጄን በእግሩ አምጪልኝ፣ በጉንም ራሱ ጎትቶ ያስገባዋል ነው ያሉት። እኔ ሰምቻለሁ፤ አሜንም ብያለሁ። ይህ በግ እንዲህ ከቆየ መስከረም ሳይጠባ ሸሆናው ይወልቃል። ሐብታሙ ነገ ቢመጣ ምን ሊጎትት ነው? ተሸክሞ ሊያስገባው ነው?»

የበጉን እግር ደጋግመው ማድረቃቸውን ቀጠሉ፤ ጨርቁ ግን ከረጠበ ቆይቷል።

«ሰው ምን እያለ ነው?» አሉ በመጨረሻ። «ሰሞኑን ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ።»

እኔ የሰማሁትን ለሌላ የማደርስ ሰው አይደለሁም። በዕድሜዬ ብዙ ነገር በጆሮዬ ገብቶ እዚያው ቀርቷል። ግን ዝም ብል ከነገ ጀምሮ ጨዉ ገደል አፍ ላይ ይበተናል።

«ጅብ እያሉ ነው» አልሁ።

እጃቸው ቆመ።

«ማን?»

«ስም አልጠራም።»

«ባንተአምላክ ነው። ሦስት በግ የቀበረው እሱ ነው።»

«መንታዎቹም ሞተዋል።»

«መንታዎቹም?» ይህን አልሰሙም ነበር። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ባንቺዓለም እኮ ዛሬ ጠዋት ጎመን አምጥታልኝ ነበር። ምንም አልነገረችኝም።» ትንሽ ቆይተው፣ «የገደለባቸው የእኔ በግ ነው?» አሉ።

«የእርስዎ በግ ተሸክሞታል። ተራ አውጥተን በየቤታችን የጠራነው ግን እኛ ነን። እኔም ጠርቼዋለሁ። አሁንም እሱ ካልተለየ ማንም የራሱን አይለይም፤ ሁሉም የሚያየው እሱን ነው። ሳሊህ በጉ የመጣበትን በረት አይቶታል። አንዲት በግ የለችም፤ ንፋስ ነው ያለው።»

ከወል መስኩ በኩል የበግ ድምፅ መጣ፤ ነጩ በግ ጆሮውን ቀሰረ። ሊነሣ ሲል ግራ እግሩ ከዳውና በጉልበቱ ወደቀ። በረንዳው ላይ፣ እሳቸው ፊት፣ ተንበርክኮ ቀረ። እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን አላየነውም ነበር።

እትዬ ይርጋነሽ አማተቡ። ደጋግመው አማተቡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ምን እንደሚሉ አልሰማሁም። እኔም ወደ መሬት እያየሁ ጠበቅሁ። ጠብታ ጠብታ ዝናብ ጀመረ።

«ምን ማድረግ ነው?» አሉ።

«ዛሬ የበሰበሰውን መቁረጥ። ከሊድያ ያመጣሁት ጥቂት ቀርቶኛል፣ ከዚያ ውስጥ መንከር። ከዚህ ግቢ ሳይወጣ፣ ደረቅ ቦታ፣ ሣር በእጅ እየቀረበለት እስከ ፍልሰታ ፍቺ መቆየት። እኔ ዛሬውኑ በየቤቱ ዞሬ የስለቱ በግ ተዘግቷል እላለሁ፤ ያን ጊዜ የየራሳቸውን ይዘጋሉ። ባንተአምላክም ቃሉን ሰጥቶኛል።»

«ቢላህን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«ስጠኝ።»

ካራውን ከእነ አፎቱ ሰጠኋቸው። ስሉን በአውራ ጣታቸው ሞከሩት።

«የማልሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ደም ከወጣም በእኔ እጅ ይውጣ። አንተ እግሩን ያዝልኝና የት እንደሆነ አሳየኝ። እጄ ከተንቀጠቀጠ ዝም በል፤ አትንጠቀኝ።»

«አልነጥቅዎትም።»

በጉን በቂጡ አስቀምጬ ጀርባውን ደረቴ ላይ አስደገፍሁት። ምንም አልታገለም። እሳቸው አጠገቡ ተንበረከኩ። ካራውን ግን ወዲያው አላሳረፉትም።

አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሊድያም ከዚህ በፊት ነግራኛለች፣ ሁለቴ ሦስቴ ታክሞ የማይድን እግር መንጋ ውስጥ አይቀመጥም። «እትዬ» አልሁ፣ «የፍልሰታ ፍቺ ዕለትም ቢያነክስስ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ከሞጣ ከተመለስሁ ወዲህ ፊቴን በደንብ ያዩት ያን ጊዜ ነው። ረዥም ጊዜ አዩኝ፤ ያ ሹፌር ፎቶውን እንዳየው ያህል። ምን እንዳገኙበት አላውቅም።

«ያን ዕለትም ቢያነክስ» አሉ፣ «አባን ጠርቼ ለነዳያን ይታረድ እላለሁ። እስከ ደጀ ሰላሙ እኔው ራሴ አስገባዋለሁ። ሐብታሙን ሳልጠብቅ።»